ማይክሮፎኑ የማን ነው?

አንድ ድምፅ ለሃያና ለሠላሳ ዓመታት በየዕለቱ ከአንድ ኅብረተሰብ ጆሮ ሲገባ ከኖረ በኋላ በሌላ ድምፅ ሲተካ፣ የተፈጸመው ነገር ተራ የሥራ ድልድል ነውን? ወይስ ለተናጋሪውም ለአድማጩም ሊከፈል የሚገባው የኅሊና ዕዳ አለበት? ጥያቄው የኪነ ጥበብ ተቋማትን ሁሉ የሚመለከት ቢሆንም፣ የብሪታንያው ቢ.ቢ.ሲ. በሁለቱ ታላላቅ የሙዚቃ ጣቢያዎቹ፣ በራዲዮ 1 እና በራዲዮ 2፣ ያሳለፈው ታሪክ አጉልቶ ያሳየዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራዲዮ 1 ራሱ የመተካካት ልጅ ነው። ከ1964 ጀምሮ ራዲዮ ካሮላይንን የመሳሰሉ ጣቢያዎች ከባሕር ላይ መርከቦች ሆነው፣ ወጣቱ የወደደውንና ቢ.ቢ.ሲ. እንደ ልብ ያላቀረበለትን ሙዚቃ ያሰራጩ ነበር። በኦገስት 1967 መንግሥት በሕግ አገዳቸው። ቢ.ቢ.ሲ.ም ሴፕቴምበር 30 ቀን 1967 ራዲዮ 1ንና ራዲዮ 2ን በአንድ ቀን ከፈተ። የራዲዮ 1ን የመጀመሪያ ፕሮግራም ያቀረበው ቶኒ ብላክበርንም ከእነዚያው የባሕር ጣቢያዎች የመጣ ነበር። ትናንት የታገደው ድምፅ ዛሬ የተቋሙ ድምፅ ሆነ።

ይሁን እንጂ ወጣትነት ርስት አይደለም። ሩብ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ የወጣቱ ጣቢያ የሚሰማው ለአዲሱ ትውልድ አባት ሊሆኑ በሚችሉ ሰዎች አንደበት ሆነ። በ1993 ማቲው ባኒስተር የጣቢያው ኃላፊ ሲሆን አሰላለፉን ከሥር ለወጠው፤ ለዓመታት የታወቁ አቅራቢዎች ከፊሎቹ ተሰናበቱ፣ ከፊሎቹም በፈቃዳቸው ለቀቁ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድማጮችም ጣቢያውን ተዉ። የአድማጮቹን ቅሬታ አቅልሎ መመልከት አይገባም። የሬዲዮ አድማጭ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ ቁርሱን ሲያሰናዳ፣ መኪና ሲነዳ፣ በሽተኛ ሲያስታምም የሚሰማው ድምፅ ቀስ በቀስ ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ ይቆጠራል። ታዲያ ይህ ሰው አንድ ቀን ማለዳ የለመደውን ድምፅ ሲያጣ የሚሰማው ኀዘን እውነተኛ ነው።

ነገር ግን እውነተኛ ኀዘን ሁሉ የፍትሕ ጥያቄ አይሆንም። በፊተኞቹ ድምፆች መቆየት ሳይሰሙ የቀሩ ሌሎች ድምፆች ነበሩና። አኒ ናይቲንጌል በ1970 የራዲዮ 1 የመጀመሪያዋ ሴት አቅራቢ ሆነች። ከዚያ በኋላ እስከ 1982 ድረስ፣ ጃኒስ ሎንግ እስክትቀጠር፣ በጣቢያው ብቸኛዋ ሴት እርሷ ነበረች። የማለዳውን ፕሮግራም ሴት በቋሚነት ለማቅረብ የበቃችው በ1997 ሲሆን፣ እርሷም ዞዊ ቦል ናት፤ በራዲዮ 2 ደግሞ ያው ወንበር ለሴት በቋሚነት የተሰጠው በ2019 ለዚችው ዞዊ ቦል ነው። እንግዲህ አድማጭ «ታማኝነት» ብሎ የሚያወድሰው ጽናት፣ ከበር ውጭ ለቆመው ሰው የተዘጋ በር ነው። አንዱን የሚያጽናና ልማድ ሌላውን ሊበድል ይችላል።

ታዲያ መለኪያው ዕድሜ ይሁን? እዚህም ላይ ታሪኩ ችኩል ፍርድን ይከለክላል። ጆን ፒል ጣቢያው በተከፈተበት በ1967 ገብቶ በኦክቶበር 2004 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ አቅራቢ ነበር። አኒ ናይቲንጌልም በጃንዋሪ 2024 በ83 ዓመቷ እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ የራዲዮ 1 አቅራቢ ነበረች። ሁለቱም በጣቢያው የቆዩት ያለፈውን ዘመን እየተረኩ ሳይሆን ገና ስም ያላገኙ ሙዚቀኞችን እየፈለጉ በማሰማታቸው ነው። ጠጉራቸው ሸበተ እንጂ ጆሯቸው አላረጀም። የልደት ቀንን ብቻ ቆጥሮ ሰውን የሚያሰናብት ኃላፊ እንዲህ ያለውን ሰው መለየት አይችልም፤ ሰውን እንደ መለዋወጫ ዕቃ የሚያይ ዓይን ሥራውንም አያየውምና።

መተካት ሲያስፈልግም ፍትሐዊነቱ በአፈጻጸሙ ይታወቃል። አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ። ቴሪ ዎጋን በ2009 የራዲዮ 2ን የማለዳ ፕሮግራም ሲለቅ መሄዱን ለአድማጮቹ የነገራቸው ራሱ ነበር፤ ተሰናብቷቸው ወንበሩን ለክሪስ ኤቫንስ አስረከበ፤ በ2010ም እሑድ እሑድ ተመልሶ ቀረበ። በአንጻሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ የረፋዱን ፕሮግራም በዚያው ጣቢያ ያቀረበው ኬን ብሩስ፣ በ2023 ወደ ሌላ ጣቢያ ለመሄድ ሲወስን ውሉ እስከሚያልቅበት እስከ ማርች መጨረሻ ለመሥራት አስቦ ነበር። ተቋሙ ግን ቀደም ብሎ እንዲያበቃ በመወሰኑ የመጨረሻ ፕሮግራሙ ማርች 3 ቀን ሆነ። የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ፤ የአንድን ሰው የሠላሳ ዓመት ሥራ ማክበርና አለማክበር ግን በጥቂት ሳምንታትም ይገለጻል።

ከዚህ የምንገነዘበው ማይክሮፎኑ አደራ መሆኑን ነው። የተናጋሪው ርስት አይደለም፤ ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ለተረኛው ያስረክባል። የኃላፊውም የግል ዕቃ አይደለም፤ ስለዚህ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ለሕዝብ መግለጽና ለሚሄደው ሰው መሰናበቻ መስጠት ይኖርበታል፤ የሕዝብ ክፍያ የሚያኖረው ተቋም ከዚህ ግዴታ ሊያመልጥ አይችልም። አድማጩም ቢሆን ቅሬታውን የመግለጽ መብት እያለው፣ ልማዱን ከፍትሕ ጋር እንዳያምታታ መጠንቀቅ አለበት።

በመምህሩ ሰሌዳ፣ በተዋናዩ መድረክ፣ በአዘጋጁ ጠረጴዛም ሕጉ ይኸው ነው። ተተኪ ያላዘጋጀ አደራውን እንደ በላ ይቆጠራል፤ የሠራውንም ሰው ያለ ምስጋና ያሰናበተ ተቋም፣ ነገ በዚያው ወንበር ለሚቀመጠው ሰው የሚጠብቀውን ዕጣ ከወዲሁ ነግሮታል።