ከደጅሽ ጀምሪ

ልጄ፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ በመግዛትሽ ደስ ብሎኛል። «ፎቶ የሚሉት ባሌ፣ ላሊበላ፣ ዳሎል ተሂዶ ሲነሳ ነው» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ሂጂ፣ እግዜር ያድርስሽ፤ አገር ማየት መልካም ነው። ብቻ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንብሽ። ላሊበላን ስንቱ አንስቶታል፤ ነገም የሚያነሳው አይጠፋም። የእናንተን ግቢ፣ የሰፈራችሁን ጉሊት፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የምትሸጠውን ሴት ግን ካንቺ በቀር ማን ያነሳቸዋል?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ሲባል ሰምተሻል። የአገራችንን ፎቶ ታሪክ ተመልከቺ። ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባል አርመናዊ በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ቀጠሉበት። በእነሱ ብርታት የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ፊት ዛሬ እናውቃለን። በዚያ ዘመን ተራውን ሰው በብዛት ያነሳው የውጭ አገር መንገደኛ ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አልጻፈለትም። እንጨት የተሸከመችው ሴት «እንጨት ተሸካሚ» ተብላ ቀረች። የማን እናት እንደነበረች አሁን ማን ይነግረናል? እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ አንቺን የምመክርሽም ስለዚህ ነው።

ደግነቱ ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትዝ ከየቤቱ አልበም የድሮ ፎቶ ለቅመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለውን መጽሐፍ በ2018 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ብታገኚው ገልጠሽ እዪው። የድሮ ፎቶ ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው ከተሰለፉት ሰዎች ኋላ ያለው ነገር ላይ ነው፦ አጥሩ፣ ጀበናው፣ ከግድግዳው የተንጠለጠለው ሬዲዮ። ሰዎቹ ያንን ሊያሳዩ አልተሰለፉም፤ ሳያስቡት አስቀመጡልን። ከተማችሁ አዳማም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይገባታል። የሚሠራው ግን ዛሬ ከየጓዳው በሚነሳ ፎቶ ነው።

አዳማ ደግሞ ዝም ብላ የምትቀመጥ ከተማ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ መንገዱን በእሷ በኩል አድርጎ ነው፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ያ ባቡር ቀረ፤ አዲሱ በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። የፍጥነት መንገዱ በ2007 ተከፈተ። በኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖች ቆሙ፤ ሁለቱ ጣቢያዎች ተደምረው ከ200 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አላቸው። «ናዝሬት» ይል የነበረው ታፔላ «አዳማ» ሆነ። ጋሪውን ባጃጅ ከዋናው መንገድ ገፋው። ጋሪ ደጁን በሞላበት ዘመን ማን ፎቶ አነሳው? አሁን ሲፈለግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ዛሬ ከቁብ የማትቆጥሪው ባጃጅም አንድ ቀን እንደዚያው ይፈለጋል።

ስለዚህ በቀን አንድ ፎቶ አንሺ። አንድ ብቻ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። ሃያ አንስተሽ በሳምንቱ ከምትሰለቺ አንድ አንስተሽ ዓመት ብትዘልቂ ይሻላል። ከእናንተ በር ሆነሽ መንገዱን በየሳምንቱ ከዚያው ቦታ አንሺው፤ የበጋው አቧራና የክረምቱ ጎርፍ፣ አዲስ የተሠራው ፎቅና የተቆረጠው ዛፍ ይወጣልሻል። ዘመድ ጥየቃ መቂና ዝዋይ ስትወርጂ ደግሞ ከሐይቁ በፊት መንገድ ዳር የተደረደረውን ሽንኩርትና ቲማቲም እዪ፤ ወንጂ ከሆንሽ አገዳ ቆራጩን። ሐይቁን ነገም ታገኚዋለሽ።

የአዳማ ፀሐይ ግን አታባብልም። በቀትር አናት ላይ ስለምትሆን የሰው ዓይን በጥላ ይጠቁራል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለፊት ይስማማል። በቀትር የግድ ካልሽ ሰውየውን በረንዳ ጥላ ውስጥ አስገቢው። የአዳማ ነፋስ አቧራ ስለማይለየው ከማንሳትሽ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ።

ከሁሉ በፊት ግን ሰላምታ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ቆመሽ «እንደምን አደሩ እማማ» በያቸው፣ ጤናቸውን ጠይቂ፣ ከዚያ አስፈቅጂ። እምቢ ካሉ ስልክሽን ወደ ቦርሳሽ መልሺ፤ አትከራከሪ። ልጆችን ያለ ወላጃቸው ፈቃድ አታንሺ። ለቅሶ ቤት ስልክ አይወጣም። የተቸገረ ሰው ሲለምን፣ የሰከረ ሲወድቅ አንስተሽ ለሰው እንዳታሳዪ፤ የሰውን ክብር ገፎ የሚመጣ ፎቶ ከቤታችን እንዲገባ አልፈልግም። ወታደራዊ ካምፕና ግድብ ያለበት ቦታም ሳታስፈቅጂ ስልክ አታውጪ።

ያነሳሻቸውን ሰዎች ፎቷቸውን ስጫቸው። ስልክ ለሌላቸው አሳትመሽ ውሰጂላቸው። በቴሌግራም የምትልኪ ከሆነ «እንደ ፋይል» ብለሽ ላኪው፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል፣ አብሮት የተመዘገበው ቀንም ይጠፋል። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ በየወሩ መጨረሻ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተርና ወደ ፍላሽ ገልብጪ፣ ፍላሹን ለእናትሽ ስጪያት። እያንዳንዱ ፎቶ ሥር የሰውየውን ሙሉ ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፊ። የሚከብድሽ ይሄ ነው፣ አውቃለሁ። ፎቶውን ካነሳሽ በኋላ ስሙን ሳትጽፊ እንዳትተኚ፤ አደራ የምልሽ እሱን ነው።

ከየወሩ አንድ፣ ከጳጉሜም አንድ መርጠሽ በዓመት አሥራ ሦስት ፎቶ በወረቀት ይታተም። ወጪው የእኔ ነው። ምርጫውን ግን ለእንቁጣጣሽ ስትመጪ አብረን ቁጭ ብለን እናደርገዋለን፤ የማናውቀው ፊት ካለ አክስትሽም ትጠየቃለች።