«ዛሬውኑ ተው» ያልኩት ወንድሜ



ዛሬ የማነሳው በጀመዓችን መካከል በሹክሹክታ እንኳ ብዙ የማይወራ ጉዳይ ነው። ሙስሊም ሆኖ ስለሚጠጣው፣ መጠጡም ከልማድ አልፎ ሱስ ስለሆነበት ወንድማችን ነው። «እኛ ዘንድ ይህ የለም» የሚለኝ ሰው ካለ ካዛንቺስን አያውቅም እላለሁ።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በወረራው ዘመን ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። በኋላ ግን የታወቀችው በመጠጥ ቤቶቿ ሆነ። የድሮው ሰፈር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት በሰፊው እስኪፈርስ ድረስ፣ ከዒሻ ሶላት ወጥተን ወደየቤታችን የምንገባው ከየበሩ በሚወጣው ሙዚቃ መካከል አልፈን ነበር። ጓደኛዬ ያደገው እዚያ ነው። አባቱ አላህ ይዘንላቸውና ከፈጅር ሶላት የማይቀሩ ሰው ነበሩ።

እርሱ የጀመረው በመጠጥ ሳይሆን በጫት ነው። ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳው ማብረጃ ብሎ ቢራ ያዘ፤ «ጨብሲ» ይሉታል። ጫት ሐራም ነው፣ አይደለም እያልን ስንከራከር የኖርን ሰዎች ከጫቱ ቀጥሎ ስለሚመጣው ብርጭቆ ዝም አልን። (ክርክሩ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ አሁን አልገባበትም።) ከቢራው አረቄ ተከተለ። በመጨረሻ ጠዋት ሳይቀምስ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በእጁ የማይጸና ሰው ሆነ።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ቤቱ ሄጄ መከርኩት። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ፣ ጋዜጠኛ የተባልኩ ሰው ነኝና ንግግር አላነሰኝም። ስለ ጀሀነም ተናገርኩ፤ ስለ እናቱ እንባም ተናገርኩ። «ዛሬውኑ ተው!» አልኩት። አለቀሰና ቃል ገባ። በእርግጥም ተወ።

በሁለተኛው ሌሊት እናቱ ደወሉልኝ። ስደርስ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ አጥምቆታል፤ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያየ ይጮኻል። ወዲያው አረፋ ደፍቆ ወደቀ። ከሁላችንም አፍ የወጣው አንድ ቃል ነበር፤ ጂን! ሩቅያ የሚያደርግ ሰው ተጠራ። እኔም ራሱን ደግፌ ይዤ ቀራሁበት። በዚህ መካከል ጩኸቱን ሰምተው የመጡ ክርስቲያን ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ በሩ ላይ ቆመው «መጠጥ ያቆመው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። መልሱን እንደሰሙ «ተነሱ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት!» አሉን።

ሐኪሙ ያስረዳኝ ይህን ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው አንጎል ድንዛዜውን ለመቋቋም ሥራውን ያፋጥናል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ፍጥነቱ ያለ ልጓም ይቀራል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ በ6 ሰዓት ገደማ ሊጀምር ይችላል። እንደሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፈው እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ደግሞ ቅዠትና ትኩሳት ይከተላል፤ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ሕክምናው እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ሰጥቶ በቀናት ውስጥ እየቀነሱ ማቆም፣ ከዚያም ጋር ቫይታሚን ቢ1 መስጠት ነው።

«በአንዴ አቁም ያለው ማነው?» ሲል ሐኪሙ ጠየቀ። እናቱ እኔን አዩኝ።

አደራ፣ በዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። ኸምር ሐራም ነው። ቁርኣን ክልከላውን በደረጃ አውርዶ በሱረቱል ማኢዳ 90ኛ አያ ዘግቶታል፤ ዛሬ ተነስቶ «እኔም በደረጃ ልጠጣ» የሚል ሰው ማስረጃ የለውም። በሐኪም እጅ ተለክቶ እየቀነሰ የሚሄደው መድኃኒቱ ነው እንጂ መጠጡ አይደለም። ጧሪቅ ኢብን ሱወይድ ኸምርን ለመድኃኒትነት ስለማዘጋጀት ሲጠይቁ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት ሳይሆን በሽታ መሆኑን እንደነገሯቸው ሙስሊም ዘግበዋል። አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ያስተማሩን፣ ታከሙ ያሉንም እርሳቸው ናቸው። ታዲያ ዱዓእና ሩቅያ ከሕክምና ጋር የተጣሉት በማን ዘመን ነው?

ቡኻሪ የዘገቡትን የዐብደላህን ታሪክ የማያውቅ ደረሳ ያለ አይመስለኝም። «ሒማር» በሚል ቅጽል የሚጠሩት፣ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያስቁ ሶሐባ ነበሩ። በመጠጥ ተቀጥተው ደግመው ሲቀርቡ አንድ ሰው ረገማቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እርግማኑን ከለከሉ፤ ይህ ሰው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረም፤ ከጀመዓው ግን አላስወጡትም። የእኛ ሰው ግን በጠጣ ማግስት መስጂዱን የሚሸሸው ከአላህ ፈርቶ ብቻ ሳይሆን ከእኛ ዐይን ፈርቶ ነው። ፈርቶ ይደበቃል፤ ተደብቆ ይጠጣል፤ ደፍሮ ሲተው ደግሞ ብቻውን ይንዘፈዘፋል።

ጓደኛዬ ያን ሌሊት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አገረሸበት። ማገርሸት የዚህ በሽታ ጠባይ ስለሆነ ምክሩና ክትትሉ ለወራት መቀጠል እንዳለበት ስለተነገረን «ተውበቱ ውሸት ነበር» ብዬ እንደ ድሮዬ አልፈረድኩበትም። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ሰውየው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ግን ሩቅ አያስፈልግም፤ ድንገተኛ ክፍል ያለው የቅርብ ሆስፒታል፣ ለካዛንቺስ ሰው ዘውዲቱ አለ። መስጂዶቻችን ከሚሰበስቡት ሶደቃ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የታክሲና የመድኃኒት ቢያወጡ፣ አብሮት የሚሄድ አንድ ሰው ቢመድቡለት የሚጎድልባቸው ነገር አይታየኝም።

ባለፈው ቀጠሮው አማኑኤል አብሬው ሄድኩ። «አማኑኤል ገባ» ማለት በከተማችን አበደ ማለት ስለሆነ በሩ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳበ። «መርካቶ ቅርብ ነው፤ ከመስጂድ የሚያውቀኝ አይጠፋም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ወረፋው ላይ አንድ የምናውቀው ወንድም ከልጁ ጋር ተቀምጦ አገኘነው፤ ሲያየን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጓደኛዬ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠና «አሰላሙ ዐለይኩም» አለው።