እጄ ከነካው በኋላ

እናቴ ቲማቲም የምትገዛው አሽትታ ነው። «የዚህ አገር ቲማቲም ጠረን የለውም» ስትል እኛ ልጆቿ የአገር ናፍቆት ነው እያልን እንስቅ ነበር። መሐንዲስ ሆኜ አትክልት በሚያሽግ ድርጅት ስቀጠር ግን ሳቄ ቆመ።

ለሩቅ ገበያ የሚላክ ቲማቲም ብዙ ጊዜ ሳይቀላ ይለቀማል፤ ከዚያ ከአንዱ ኮንቬየር ወደ ሌላው እየወደቀ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት፣ የፍሎሪዳ ተመራማሪዎች መቅላት የጀመረ ቲማቲም ከ40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጥለው፣ ሲበስል መረመሩት። ፍሬዎቹን ያከበው ዝልግልግ ክፍል ተጎድቶ፣ ጠረን የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች መጠን ተለውጦ ተገኘ። እንዲህ ያለው ጉዳት ቆዳው ላይ ምልክት ላይተው ይችላል። ሕዋሳቱ ሲፈርሱ ተለያይተው የኖሩ ቅባቶችና ኢንዛይሞች ይገናኛሉ፤ ኦክስጅን ሲጨመርበት የታጨደ ሣር የሚሸት ነገር ይወጣል። ስንነክሰውም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ደስ የሚለው ትኩስ ጠረን የሚመጣው ከዚያ ነው። ምቱ ግን ይህን ያለጊዜው ያደርገዋል። (ዝርያውም፣ ፍሪጁም ጠረን ያጠፋሉ፤ ሁሉን በውድቀት ላይ አልጭንም።)

የእኛን ማሽን በሜትር ለካሁት። አንዱ ቦታ ከ40 ሴንቲ ሜትር አያንስም። ለአለቃዬ ስነግረው «ካሜራው አሳልፎታል፤ ገዢው አይቶ ነው የሚገዛው» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥብ ማግኘታቸውን በሙስሊም ዘገባ እናውቃለን። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ከላይ ሊያደርገው ይገባ እንደነበር ነገሩት። እኔ ከላይ የማደርገው ነገር የለኝም። የእኔ እርጥብ አይታይም። ሱቁ አያውቅም፣ ገዢው አያውቅም፣ ማንም አልዋሸም።

አንድ ወዳጄ «ሳይታሰብ የሆነ ማጭበርበር አይባልም» አለኝ። ከመለካቴ በፊት ስለነበሩት ቀናት እስማማለሁ። ከለካሁ በኋላ ግን እጄ እርጥቡን ነክቷል። የሰው ዓይን አለማየቱ ኃላፊነቴን የሚያቀልልኝ መስሎኝ ነበር፤ የሚያውቀው እኔ ብቻ ስሆን ግን ይብስ ከበደኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሼ ጠየቅሁ፤ ኮንቬየሩን ዝቅ አድርገን ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አነጠፍን። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። የዚያ ሁለት ሳምንት ቲማቲም ግን ተሽጦ አልቋል፤ ማን ቤት እንደገባ አላውቅም፣ ሐቁን የምመልስለት ሰው አላገኘሁም።