የፊሊፕ ሪድ እሑዶች

ልጄ ሆይ፣ በዋሽንግተን ከተማ ካፒቶል የሚባለውን የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻ በአካል ባታየው እንኳ በቴሌቪዥን ሳታየው አትቀርም። ጉልላቱ ላይ የቆመችው የነሐስ ሐውልት ስሟ «ነፃነት» ነው። ሕንጻውም ሐውልቷም በማን ጉልበት እንደቆሙ ልንገርህ፤ አንተም ነገ ሰው ቀጥረህ ታሠራለህና።

የመሠረት ድንጋዩን እ.ኤ.አ. በ1793 ያኖረው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ቦታው ያኔ ገና ከተማ አልሆነም፤ ሠራተኛም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ግንባታውን የሚመሩት ኮሚሽነሮች ከአውሮፓ ግንበኛና ድንጋይ ጠራቢ ለማስመጣት ሞክረው ብዙም አልሆነላቸውም።

እዚህ ላይ ቆም በል። ደመወዝ ጨምረው ነፃ ሠራተኛ መፈለግ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ከአካባቢው ባለርስቶች ባሪያ መከራየትን መረጡ። ለአንድ ሰው የዓመት ኪራይ 21 ፓውንድ ቆረጡ፤ ምግቡን እነርሱ ሊችሉ፣ ልብሱንና ብርድ ልብሱን አሳዳሪው ሊሰጥ። ይባስ ብሎ፣ ባሮቹ በመኖራቸው ነፃዎቹ ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው እንዳያስቸግሩ መከላከል እንደቻሉ ራሳቸው ጽፈዋል። ያልተከፈለው ሰው የተከፋዩንም ዋጋ አወረደው ማለት ነው።

ድንጋዩ የተቆረጠው በቨርጂኒያ፣ አኪያ ክሪክ በተባለ ቦታ ነው። በእጅ እየፈለጡ በጀልባ ይጭኑትና በፖቶማክ ወንዝ ሽቅብ ወደ ዋሽንግተን ይወስዱታል። ጣውላ የሰነጠቁት፣ ለጡቡ ጭቃ የቆፈሩት፣ ድንጋይ ያጋዙት ብዙዎቹ ባሮች ናቸው። የክፍያው ወረቀት እስከ ዛሬ አለ። የሠሪው የመጀመሪያ ስም ብቻ ሰፍሮበታል፤ ፈርሞ ገንዘቡን የወሰደው ግን አሳዳሪው ነው።

አሁን ወደ ፊሊፕ ሪድ ልምጣ። ክላርክ ሚልስ የሚባል ቀራፂ በደቡብ ካሮላይና ገና በልጅነቱ በ1,200 ዶላር ገዛው። ለምን መሰለህ? ተሰጥኦውን አይቶ ነው። የነፃነት ሐውልት በነሐስ እንድትሠራ ሥራው ለሚልስ ተሰጠ። እንደሚተረከው፣ የጄሶውን ሞዴል የገጣጠመው ጣሊያናዊ ባለሙያ መገጣጠሚያውን ሸፍኖት ነበር፤ ለነሐሱ ሥራ ሞዴሉ መፈታት ሲኖርበት ካልተጨመረልኝ አልፈታውም አለ። ያን ጊዜ ሪድ ከሐውልቷ አናት ባለው የብረት ቀለበት ገመድ አሰረና በመዘውር ቀስ ብሎ ሳበው። መገጣጠሚያው ታየ፤ ሞዴሉም ሳይሰበር ተፈታ።

ሁለቱን ሰዎች እያቸው። አንዱ «ይጨመርልኝ» ማለት ይችላል። ሌላው ከእርሱ የላቀ ብልሃት ይዞ አፉን መክፈት አይችልም።

ሪድ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራ ነበር። የስድስቱ ቀን ክፍያ የሚልስ ነው። እሑድ እሑድ ከቅርጽ ማውጫው ሥር እሳት ለሚጠብቅበት ግን 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ለራሱ ይከፈለው ነበር። ለ33 እሑዶች 41 ዶላር ከ25 ሳንቲም ደረሰው፤ መጻፍ ስላልቻለ በምልክት ፈረመ። ለነፃነት ሐውልት ከደከመበት ጊዜ የራሱ ተብሎ የተቆጠረለት ያ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1862 በዋሽንግተን ባርነት በሕግ ቀረ። ሕጉ ካሣ ደንግጓል፤ ግን ለማን? ለአሳዳሪዎቹ። ሚልስ ስለ ሪድ 1,500 ዶላር ጠይቆ 350 ዶላር ከ40 ሳንቲም ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ የሐውልቷ ራስ ጉልላቱ ላይ ሲገጠም ሪድ ነፃ ሰው ነበር። ለባከኑት ዓመታት ግን ካሣ አልተቆረጠለትም።

አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። እዚህ ግን የተወጉት ስማቸው እንኳ በወጉ ስላልተጻፈ አገሩ እንዳለ ረሳቸው። ምክር ቤቱ መታሰቢያ ያቆመላቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከአሮጌው የሕንጻ ክፍል የወጣ የአኪያ ክሪክ ድንጋይ ነው፤ የመሮው ጭረት ዛሬም ይታይበታል።

ይህን የፈረንጅ ኃጢአት ብቻ አድርገህ አትስማው፤ ይህን አደራ እልሃለሁ። በእኛም አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የሰው ላብ ለሌላ ሰው እጅ የመክፈሉ ልማድም ከአዋጁ ጋር አልጠፋም። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ወሩ ሲሞላ ደመወዟን አጎቷ ወይም ደላላው መጥቶ ሲወስድላት አይተህ ይሆናል። እንጀራ የምትጋግረው እርሷ ናት፤ ገንዘቡን የሚቆጥረው ሌላ። አሠሪውም «ከፍያለሁ» ብሎ ይተኛል። ያኔም ኮሚሽነሮቹ ከፍለናል ብለው ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ቀጥረህ ስታሠራ ስሙን ከነአባቱ ጠይቀህ ጻፍ። የእረፍት ቀኑን አትንካበት። ደመወዙንም በራሱ እጅ ቁጠርለት።