በዕዳ ለተጨነቀ ሰው የሚደረግ የምሕረት ሥራ



የተራበን ማብላት፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘት የምሕረት ሥራዎች መሆናቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ በትምህርተ ክርስቶስ ተምረናል። ነገር ግን በሰንሰለት ሳይሆን በዕዳ የታሰረ፣ በወኅኒ ሳይሆን በገዛ ቤቱ የተጨነቀ ሰው በአጠገባችን ቆሞ ሲያስቀድስ ስንቶቻችን እናስተውለዋለን? ረሃብ በፊት ላይ ይነበባል፤ ዕዳ ግን ይሰወራል። ባለ ዕዳው ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ወደ ቤቱም ሲመለስ በሩን ማን እንደሚያንኳኳ እየፈራ ይቀመጣል። ስለዚህ ስውር ጭንቀትና ስለ መድኃኒቱ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንል ወደድን።

መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 4 (ከቁ. 1-7) የአንዲት መበለት ታሪክ ይተርክልናል። ባልዋ ከነቢያት ወገን የሆነ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሲሞት ግን ለቤተ ሰቡ ዕዳ ትቶ አለፈ። አበዳሪውም ሁለቱን ልጆችዋን ባሪያዎች አድርጎ ሊወስዳቸው መጣ። እርስዋም ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ አልሰጣትም፤ ለምን ተበደራችሁ ብሎም አልገሠጻትም። በቤትዋ ምን እንዳላት ጠየቃት እንጂ። ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት በነገረችው ጊዜ፣ ከጎረቤቶችዋ ባዶ ማድጋዎችን እንድትዋስና ከልጆችዋ ጋር በርዋን ዘግታ ዘይቱን እንድትቀዳ አዘዛት። ማድጋዎቹ ሁሉ እስኪሞሉ ድረስ ዘይቱ አላቋረጠም። በመጨረሻም ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር ነገራት።

ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው፤ የነቢዩ አሠራር ግን እኛም ልንከተለው የምንችለው ነው። በመጀመሪያ፣ ሟቹ እግዚአብሔርን የሚፈራ እንደ ነበረ መጽሐፍ መመስከሩ፣ ዕዳ ሁሉ የስንፍናና የኃጢአት ፍሬ አለመሆኑን ያስተምረናል። ሁለተኛ፣ ኤልሳዕ አስቀድሞ ጠየቀ፣ አዳመጠ፣ በቤት ያለውንም አስቈጠረ። ሦስተኛ፣ ጎረቤቶች ሁሉ ማድጋ አዋሱ፤ በሩ ግን ተዘጋ። ርዳታው የብዙዎች ሲሆን ምስጢሩ ግን ተጠበቀ። አራተኛ፣ ለአበዳሪው የሚገባው አልተካደም፤ የእናቲቱና የልጆችዋ እንጀራም አልተረሳም። ዕዳ ይከፈላል፣ ቤተ ሰብም ይኖራል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን መንገድ በየዘመኑ ስትከተል ኖራለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጆች ድኾች በከባድ ወለድ ሲጨቈኑ ባዩ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1462 በኢጣልያ በፔሩጃ ከተማ፣ ዕቃ እየያዘ ለችግረኞች በቀላል ሁኔታ የሚያበድር ቤት እንዲቋቋም አደረጉ። ይህም ሞንቴ ዲ ፒዬታ ይባል ነበር። ለሥራው ማስኬጃ ጥቂት ክፍያ መቀበሉ አራጣ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ብዙ ክርክር ከተነሣ በኋላ፣ አምስተኛው የላተራን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1515 በር.ሊ.ጳ. ሊዮን 10ኛ ዘመን ሥራው የተፈቀደና የሚመሰገን መሆኑን ወሰነ።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በናፖሊ ከተማ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበሩት አባ ማሲሞ ራስትሬሊ በአራጣ ለተጠመዱ ቤተ ሰቦች በቅዱስ ጁዜፔ ሞስካቲ ስም አንድ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያ ችግረኛው በነጻ ይደመጣል፣ ዕዳው ይጣራል፤ ባንክም በተገቢው ወለድ እንዲያበድረው ድርጅቱ ዋስትና ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢጣልያ መንግሥት አራጣን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ ለእንዲህ ያሉ ድርጅቶች መደገፊያ የሚሆን ገንዘብ መድቧል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ ጆን ከርክቢ የሚባል፣ ዕዳን በራሱ ሕይወት የቀመሰ ክርስቲያን፣ «ክርስቲያንስ አጌይንስት ፖቨርቲ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ። ትርጓሜውም ድህነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች ማለት ነው። ሠራተኞቹ ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በመሆን ወደ ባለ ዕዳው ቤት ይሄዳሉ፤ ከፍርሃት የተነሣ ሳይከፈቱ የተከማቹትን ደብዳቤዎች ይሰበስባሉ፤ ገቢና ወጪውን ያሰላሉ፤ ከአበዳሪዎች ጋር ይነጋገራሉ፤ ስለ ገንዘብ አያያዝም ያስተምራሉ። ለዚህ ሁሉ ዋጋ አይጠይቁም።

እስቲ አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ ዕዳ በብዙ በር ይገባል፤ በሕመም፣ በትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከአቅም በላይ በሚደገስ ሠርግና ተዝካር፣ ዕቁብን ቀድሞ በልቶ መክፈል በማቃት። አራጣ አበዳሪው ያን ጊዜ እንደ ወዳጅ ይመጣል። በወር ከመቶ አሥር የሚያስከፍል ሰው 10,000 ብር ቢያበድር በየወሩ 1,000 ብር ይቀበላል፤ በዓመት 12,000 ብር ወስዶ ዋናው 10,000 ብር ግን እንዳለ ይቀራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በገንዘብ ብድር ውል በዓመት ከመቶ 12 የበለጠ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ ይህም በ10,000 ብር ላይ በዓመት ከ1,200 ብር አይበልጥም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣን ይቀጣል። ሆኖም ወለዱ ከዋናው ጋር ተደምሮ በውል ስለሚፈረም፣ ተበዳሪውም ስለሚያፍር፣ ብዙው በደል ወደ ዳኛ ሳይደርስ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ልጃቸውን ወደ ዐረብ አገር ለመላክ የደላላውን ገንዘብ በአራጣ የሚበደሩ ወላጆች ነገር ነው። ልጅቱ የመጀመሪያ ደመወዝዋን ሳትቀበል ወለዱ መቈጠር ይጀምራል። በአሠሪዋ ቤት ብትንገላታ እንኳ ዕዳው በቤት ስለሚጠብቃት መመለስ ትፈራለች። እንግዲህ የመበለቲቱ ታሪክ የጥንት ታሪክ ብቻ ነውን? ዛሬም ስለ ዕዳ ልጆች ይወሰዳሉ።

ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ፣ እ.ኤ.አ. ለ2025 የኢዮቤልዩ ዓመት ባወጡት ዐዋጅ፣ ባለ ጸጎች አገሮች መክፈል የማይችሉትን ድኾች አገሮች ዕዳ እንዲምሩ ጠይቀዋል። የአገሮች ዕዳ እንዲማር የምንጸልይ እኛ የጎረቤታችንን ዕዳ እንዳላየ ሆነን ማለፍ አይገባንም። ስለዚህ በየቁምስናው አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና ሁለት ወይም ሦስት ታማኝ ሰዎች ቢገኙ ሥራው ሊጀመር ይችላል። በጡረታ ያለ የባንክ ሠራተኛ፣ የሒሳብ ዐዋቂ፣ ሕግ የተማረ ምእመን የዚህ ጸጋ ባለ ቤቶች ናቸው። ሥራቸውም ባለ ዕዳውን ማዳመጥ፣ ዕዳውንና ገቢውን በወረቀት ማስፈር፣ ለምግብና ለቤት ኪራይ የሚያስፈልገውን ከለዩ በኋላ ለዕዳው የሚተርፈውን መወሰን፣ ከአበዳሪው ጋር አብረው ሄደው መነጋገር፣ ሕግ የተጣሰ እንደ ሆነም ወደ ሕግ መምራት ነው። የሰሙትን ለማንም አይናገሩ፤ ከባለ ዕዳው ዋጋ አይቀበሉ፤ ራሳቸው አበዳሪዎች አይሁኑ፤ ሃይማኖቱንም ሳይጠይቁ የመጣውን ሁሉ ይቀበሉ።

ከመድኃኒቱም ይልቅ መከላከያው ይሻላል። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር በሉቃስ ወንጌል ምዕ. 14 አስተምሮናል። ለተክሊል የሚዘጋጁ እጮኞች ስለ ሠርጉ ቀን ብቻ ሳይሆን ከሠርጉ ማግሥት ስላለው ወጪም ይማሩ። ወጣቶች በውል ላይ ከመፈረማቸው በፊት ማንበብን፣ ወለድን ማስላትን፣ ከትንሽ ገቢም ቢሆን መቈጠብን ይማሩ። ዕድሮቻችንና ዕቁቦቻችን የዚህ ትምህርት ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለሚያበድሩም ወገኖቻችን አንድ ቃል አለን። ነህምያ በመጽሐፉ ምዕ. 5 ወንድሞቻቸውን በወለድ ያስጨነቁትን መኳንንት በገሠጸ ጊዜ፣ ራሱንም ካበዳሪዎች ጋር ቈጥሮ ወለዱን እንተው አለ፤ እነርሱም እርሻውንና ቤቱን ለመመለስ ማሉ። ከድኻ እንባ የተሰበሰበ ወለድ በመሥዋዕት ጠረጴዛ ፊት መባ ሊሆን አይችልም። ዛሬ ለመመለስ ጊዜው አልረፈደም።

በዕዳ የምትጨነቁ ወንድሞችና እኅቶችም፣ አትፈሩ፣ አትሸሸጉም። አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል። መበለቲቱ የዳነችው ወደ ነቢዩ በጮኸች ጊዜ ነው። ለካህናችሁ ወይም ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነውና።

የዕዳችንን ጽሕፈት በመስቀሉ የደመሰሰልን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የተጨነቁትን ያሳርፍ፣ ያላቸውንም ልባቸውን ያራራ፣ እኛንም ማድጋቸውን እንደሚያውሱ ጎረቤቶች ያድርገን። አሜን።