በጢሮስ ባሕር ዳር የተደረገ ስንብት



በዚህ ክረምት ለአገልግሎት ወደ ወላይታ ወርደን ሦስት ሳምንት ቆይተን እንደ ተመለስን ታውቃላችሁ። ስለ ሥራው በጉባኤ የተነገረውን ሰምታችኋልና አንደግመውም። የምንጽፍላችሁ ስለ ስንብቱ ነው፤ ከተመለስን ወዲህ እርስ በርሳችን አብዝተን የተነጋገርነው በእርሱ ላይ ነውና።

ስለ ስንብት ሲነሣ ሰባኪዎች ሁሉ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20ን ይገልጣሉ። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ወደ ሚሊጢን አስጠርቶ፣ ዳግመኛ ፊቱን እንደማያዩ ነግሮ፣ ሁሉም አንገቱን አቅፈው ያለቀሱበት ነው። እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን ጳውሎስ በእነዚያ መካከል የደከመው ሦስት ዓመት ነው፤ የእኛ ሦስት ሳምንት ከዚያ ጋር አይመዘንም። ለእኛ የሚቀርበው በምዕራፍ 21 መጀመሪያ ያለው፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ታሪክ ነው። መርከቢቱ ጭነቷን ልታራግፍ ጢሮስ ቆመች፤ መንገደኞቹም በዚያ የሚኖሩትን አማኞች ፈልገው አግኝተው 7 ቀን አብረዋቸው ሰነበቱ። ሰባት ቀን ብቻ! ሲለያዩ ግን ወንዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሚስቶችና ልጆች ሳይቀሩ ከከተማ ወጥተው ሸኟቸው፤ በባሕሩ ዳርም አብረው ተንበረከኩ።

ሉቃስ ልጆቹን ሳይረሳ መጻፉ ደስ ያሰኘናል። እኛንም ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ የሸኙን አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ፤ ጭቃውን እየረገጡ፣ እየዘመሩ። እናቶች የተቀቀለ በቆሎና ጎደሬ በቅጠል ጠቅልለው አስያዙን። አንድ አባት ግን እጃችንን ይዘው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ከዝናብ ጋር ትመጣላችሁ፣ ከዝናብ ጋር ትሄዳላችሁ፤ ቡቃያውን የሚያርመው እዚህ የሚከርመው ነው» አሉን። ሳቅን። መኪናው ከተነሣ በኋላ ግን ብዙ መንገድ ዝም ብለን ተጓዝን፤ ምክንያቱም ፊደል የጀመረች አንዲት ልጅ በዋዜማው፣ «ከነገ ወዲያ ማን ያስተምረኛል?» ብላ ጠይቃን ነበር።

ይህ ጥያቄ በእንባ አይመለስም። በስንብት ቀን ማልቀስ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የአገልግሎት ፍሬ በፈሰሰው እንባ ብዛት ሲቆጠር እንሰማለን፤ ይህን አንቀበልም። ጳውሎስ በሚሊጢን ሽማግሌዎቹን አደራ የሰጠው ለእግዚአብሔርና ለቃሉ ነው። በጢሮስ ደግሞ አማኞቹን «ፈልጎ» አገኛቸው እንጂ እርሱ አልፈጠራቸውም፤ ሳይመጣ ነበሩ፣ ከሄደም በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ እንጂ አልተበተኑም።

ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የሶዶ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች ወደዚያ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በ1937 የጣሊያን ጦር አገሩን ሲይዝ እንዲወጡ ተገደዱ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ፤ በገዛ ቋንቋቸው በእጃቸው የቀረው ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ብቻ ነበር። ያ ስንብት እንዴት ከብዶ ይሆን! ከዚያም እስራትና ግርፋት መጣ። ጣሊያን ተሸንፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን አማኞቹ ወደ 10,000 ደርሰው ነበር ይባላል። በእነዚያ ዓመታት ያስተማሩት፣ ያጠመቁት፣ የታሰሩትን የጠየቁት እዚያው የከረሙት ናቸው።

እንግዲህ ለልጅቱ ጥያቄ መልሱ በአጠገቧ ነበረ። የአጥቢያው መዘምራን መሪ፣ እኛ ሳንሄድ ልጆቹን ከእርሻው ሲመለስ ማታ ማታ ያስተምር የነበረ ወጣት ነው፤ አሁንም የሚያስተምረው እርሱ ነው። ስንሰናበተው የጠየቀን ጥቂት ነገር ነው፤ ጠመኔ፣ ደብተር፣ የኩራዝ ጋዝ መግዣና በየወሩ አንድ ደብዳቤ። ደብዳቤውን አጥብቆ ለምኗል።

ደብተርና ጠመኔ ያላችሁ እስከ መጪው እሑድ ድረስ ለመዘምራን ክፍል ጸሐፊ አስረክቡ፤ ወደ ሶዶ የሚወርድ መኪና አግኝተናል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጽፈናል፤ የጥቅምቱን የሚጽፍ ስሙን ያስመዝግብ።