ምኒልክ አዲስ ዓለምን ለምን ተዉት?

አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰው ሲገናኝ ወሬው ከቤት ኪራይ ይጀምርና ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ያበቃል። «እዚያ ብንሄድስ?» ይላል አንዱ። ሌላው ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ያነሣል፣ ነገሩ ሳይቋጭ ይቀራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከተማዋን ያቋቋሙት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ገደማ ከአዲስ አበባ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊወጡ ተነሥተው ነበር።

የእሳቸውን ታሪክ የመረጥኩት ሁለት ጊዜ ወደ ትንሽ ቦታ ለመሄድ ስለሞከሩ ነው። አንዱ ሰመረ፣ ሌላው መንገድ ላይ ቀረ።

የመጀመሪያው እንጦጦ ተራራ ላይ ከነበረው መናገሻቸው ከግርጌው ወዳለው ፍል ውኃ ነው። እንጦጦ ለጦርነት የሚመች አምባ ነበር፤ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ውኃው ሩቅ ነው፣ እንጨቱም እየተመነጠረ ያልቃል። ቤተ መንግሥቱም መኳንንቱም ለመታጠብ ሲሉ ወደ ሜዳው መውረድ አዘወተሩ። በ1879 ዓ.ም. ባለቤታቸው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃው አጠገብ ቤት ተሠርቶላቸው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም በየፊናቸው ቦታ እየያዙ ሰፈሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ነው፤ ታችኛው ከተማ ከተቆረቆረ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ወደ ፍል ውኃ የወረዱት እንጦጦን ዘግተው አይደለም። አሮጌው ቤት ሳይፈርስ አዲሱ ተለመደ፣ እግር አስቀድሞ የለመደውን መንገድ ዙፋኑ ቀስ ብሎ ተከተለው።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ከዐድዋ ድል፣ ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ አበጠች። የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ተከፈቱ፣ ነጋዴው ጎረፈ፣ የየመኳንንቱ ሠራዊት ከነቤተሰቡ ከተመ። ይህ ሁሉ ሰው እንጀራ የሚጋግረው በእንጨት፣ ቤቱን የሚያቆመው በእንጨት፣ አጥሩን የሚያጥረውም በእንጨት ነው። በዙሪያው ያለው ደን ተመነጠረ። ማገዶ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ከዓመት ዓመት ራቅ እያለ መሄድ ነበረበት። የጥንቱ ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እንጨት ሲያልቅ ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ ሌላ ቦታ ይከትማል።

ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዛሬ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደን ያልራቀው ቦታ መረጡ። አዲስ ዓለም ተባለ። ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፣ ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ መንገድም ተሠራ። መሬቱ የእሳቸው፣ ሠራተኛው የእሳቸው፣ ትእዛዙም የእሳቸው ነው። ምን ጎደለ?

የጎደለው አብሮ የሚሄድ ሰው ነው። ሌጋሲዮኖቹ በተሰጣቸው መሬት ላይ ገንዘብ አውጥተው ስለገነቡ እንደገና ከባዶ መጀመር አልፈለጉም። ነጋዴው መጋዘኑን፣ መኳንንቱ ሰፈራቸውን ትተው መነሣት አለባቸው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ መድረሻው እንዲሆን የታሰበው አዲስ አበባ ነው። ንጉሥ ማዘዝ ይችላል፣ የከተማን ኑሮ ግን እንደ ድንኳን ነቅሎ መትከል አይችልም።

በዚህ መካከል ባሕር ዛፍ ደረሰ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወደ አገር የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ባለርስቱ ሽያጩ እንደሚያዋጣ ሲያይ በየጓሮውና በየተዳፋቱ ተከለው። የማገዶው ችግር እዚያው በተወለደበት ቦታ ተቃለለ፣ የመሄጃው ምክንያትም ተነነ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬም ምእመኑ ማርያም ብሎ ይሳለመዋል።

ይህን ታሪክ ሳስብ ቆም የምልበት ቦታ አንድ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ አዲስ ዓለም ቢገባ ኖሮ የዚያ ደንስ ስንት ዓመት ይቆይ ነበር? እንጨት የጨረሰው አዲስ አበባ የተቆረቆረበት መሬት አልነበረም፣ የኑሮው ዘዴ ነው፤ ዘዴው ደግሞ ከሰዎቹ ጋር አብሮ ይጓዛል። የዛሬው ሰውም ከምሬቱ ውስጥ የከተማው የቱ እንደሆነ፣ የራሱ የቱ እንደሆነ መለየት አለበት። ኪራይና የታክሲ ሰልፍ የከተማው ናቸው፤ ሲሄዱ በእርግጥ ይቀላሉ። የባንክ ዕዳ፣ የማይወዱት ሙያ፣ የባልና የሚስት ጭቅጭቅ ግን አብረው ይሳፈራሉ።

አብሮ የሚሄደውስ ማነው? እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሌጋሲዮን አለው። ልጁ ትምህርት ቤት አለው፣ እናት ዕድርና ማኅበር አላቸው፣ ሱቅ ያለው ሰው ደንበኛ አለው። ነርስ ወይም መምህር የሥራ ዝውውር ጠይቃ ልትሄድ ትችላለች፤ ደንበኞቹ ሁሉ መርካቶ ያሉ ነጋዴ ግን ሐዋሳ ቤት ቢይዝ በየሳምንቱ 275 ኪሎ ሜትር ይመላለሳል እንጂ ሄደ አይባልም። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የክልሉ የሥራ ቋንቋም ይታሰብበት፤ አዳማ ላይ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው አፋን ኦሮሞ ባይችል ይቸገራል። ሕመም ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይነሣ። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በመላ አገሪቱ የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

መቅረትም በነፃ አይደለም። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት ባሕር ዛፍ ውኃ ጠጪ ነው፤ ምንጮች ደረቁ የሚል ቅሬታ ለመነሣት ብዙ አልቆየም። ከእንጦጦ ከባድ የማገዶ ሸክም አዝለው የሚወርዱ ሴቶችን የከተማው ሰው ሲያይ ኖሯል። ከተማዋ ባለችበት የመቆየቷን ዋጋ ለብዙ ዘመን የከፈለው የእነሱ ወገብ ነው። ስለዚህ «እዚሁ እንታገስ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ብልህነት አይመስለኝም። ከደመወዙ ግማሹን ለኪራይ የሚከፍል፣ ሥራው ግን በማንኛውም ከተማ የሚገኝ ሰው ቢሄድ እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም፤ እንዲያውም ዘግይቷል እላለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ግን ወደ ፍል ውኃ እንደተወረደው ውረዱ። ሥራ ይገኛል የተባላችሁት እውነት መሆኑን ቦታው ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ቤት ካላችሁ አከራዩት እንጂ አትሽጡት። መጀመሪያ ኪራይ ይዛችሁ አንድ ክረምት ክረሙበት፤ ውኃና መብራቱን፣ ጭቃውን፣ ጎረቤቱን እዩ። ከወረዳ መሸኛ የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ይሁን።